እነማን መጡ፣ እነማን ሄዱ፣ እነማንስ ቀሩ



ስለ አንድ ሀገር ሕዝብ ሲነገር ጆሯችን የለመደው የቁጥርን ነገር ነው፤ ስንት ነበረ፣ ስንት ሆነ፣ ስንት ይሆናል የሚለው ጥያቄ ለዕቅድና ለአስተዳደር የሚጠቅም ቢሆንም፣ ማን ከወዴት መጣ፣ ማን ወዴት ሄደ፣ የተወለደው ሕፃን እስከ ስንት ዓመት ይኖራል፣ የኖረውስ በሸመገለ ጊዜ ከማን ጋር ያድራል የሚሉትን ጥያቄዎች ሳይመልስ የሚቀር ቆጠራ የሀገርን መልክ አያሳይም። እኔም ዛሬ እዚህ መቱ በፊታችሁ ቆሜ ልነግራችሁ የምሻው አንድ ነገር ነው፤ እርሱም ኢሉባቦር ሰው በመቀበል የተሠራች ሀገር ስትሆን፣ የተቀበለቻቸው ሰዎች አሁን በአንድ ዘመን ወደ እርጅና እየገቡ፣ ልጆቻቸው ደግሞ በዚያው ዘመን ወደ ሌላ ሀገር እየሄዱ መሆናቸው፣ እኛም ሕፃኑን ለማዳንና ሙቱን ለመቅበር ያቆምነውን ያህል በሕይወት ላለው አረጋዊ ያቆምነው ሥርዓት የሌለን መሆኑ ነው።

የኢሉ ኦሮሞ አባቶች በገዳ ሥርዓታቸው እየተዳደሩ፣ በሶርና በገባ ወንዞች አካባቢ በተዘረጋው ደን ውስጥ ቀፎ እየሰቀሉ፣ ቡና እየለቀሙና ከብት እያረቡ ይኖሩባት የነበረችው ይህች ምድር፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ራስ ተሰማ ናደው መቀመጫቸውን ጎሬ ላይ ካደረጉ ወዲህ ከየማዕዘኑ የሚመጣ ሰው መንገድ ሆነች። የመጣው ሁሉ ግን በአንድ መብት አልመጣም፤ ሹሙና ወታደሩ ማደሪያ ተቆርጦለት ሲመጣ፣ ባላገሩ በአባቱ መሬት ላይ ገባር ሆኖ ግብርና ጉልበት ሲከፍል ኖሯልና፣ ይህን ሳይናገሩ ስለ ፍልሰት መናገር የእውነትን ግማሽ መሸፈን ይሆናል። በሌላ በኩል በ1894 ዓ.ም. በንጉሠ ነገሥቱና በእንግሊዝ መንግሥት መካከል በተደረገው ውል ጋምቤላ ላይ የንግድ ሰፈር እንዲቆም በተፈቀደ ጊዜ፣ በክረምት ባሮ ሲሞላ ከካርቱም የሚነሡት የእንፋሎት መርከቦች ጨውና አቡጀዲ እያመጡ ቡናና ሰም ይዘው ሲመለሱ፣ የበቅሎው ሲራራ ከጎሬ በቡሬ በኩል ወደ ቆላው ይወርድ ነበርና፣ ከዚህ የተነሣ ጎሬ ግሪኩና አርመኑ፣ ሶርያዊውና ዓረቡ፣ ከሀገራችንም ጉራጌው ነጋዴ ጎን ለጎን ሱቅ የከፈቱባት፣ የእንግሊዝ ቆንስል የተቀመጠባት ከተማ ሆነች። ከማይጨው ሽንፈት በኋላ የጊዜው ንጉሠ ነገሥት ሲሰደዱ የነጻው መንግሥት የመጨረሻ መቀመጫ ሆና፣ ጣልያን በኅዳር 1929 ዓ.ም. እስኪይዛት ድረስ ከየአውራጃው የሸሸውን ሠራዊትና ሕዝብ ያስጠጋችው ይህችው ጎሬ ናት። መቱ ከእርሷ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከጅማ በበደሌ በኩል በሚመጣው መንገድ ላይ ተቀምጣ በቡና ንግድ ስታድግ ቆይታ፣ በደርግ ዘመን የክፍለ ሀገሩን ርእሰ ከተማነት ከእርሷ ተረከበች።

ይህን ሁሉ በአጭሩ ያለፍኩት ወደ 1977 ዓ.ም. ለመድረስ ነው። በዚያ ዓመት በወሎ፣ በትግራይና በሰሜን ሸዋ ዝናብ ቀርቶ እህል ጠፍቶ፣ በመጠለያ ጣቢያዎች የሰው ነፍስ እንደ ቅጠል በረገፈ ጊዜ፣ መንግሥት ከድርቁ ምድር ሕዝቡን እያነሣ በምዕራብና በደቡብ ምዕራብ ለማስፈር ወሰነ፤ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ባለው ከአንድ ዓመት ጥቂት በሚበልጥ ጊዜ ውስጥም ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሰው በአውቶቡስ፣ በጭነት መኪናና በአንቶኖቭ አውሮፕላን ተጓጓዘ። ከወለጋ ቀጥሎ ብዙውን የተቀበለችው፣ ያን ጊዜ ጋምቤላን ጨምሮ፣ ኢሉባቦር ነበረች። ከፊሉ በመደበኛ ሰፈራ በትራክተር በሚታረስ ሰፊ እርሻ ላይ ሲሰፍር፣ ብዙው ግን ሕዝቡ ስግሰጋ ብሎ በሚጠራው አኳኋን በነባሩ ገበሬ መንደር መካከል ገባ፤ ነባሩም ገበሬ በገበሬ ማኅበሩ ታዝዞ ጎጆ ቀለሰ፣ እህል አዋጣ፣ በሬ አዋሰ፣ ከመሬቱም ቆርሶ ሰጠ።

ስለዚያ ሰፈራ ብዙ ተጽፏል፤ ብዙው ጽሑፍ መንግሥትን የሚከስ ወይም ለመንግሥት የሚሟገት ነው። ሰዎች በግድ ተወስደዋል፤ ባልና ሚስት፣ እናትና ልጅ ተለያይተዋል፤ የደጋ ሰው የነበሩት ወባ በማያውቀው ሰውነታቸው ወደ ቆላው ወርደው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በወባ፣ በግርሻና በተቅማጥ በብዛት ሞተዋል። ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ ይህን ስል የነባሩን ባላገር ችሮታ መርሳቴ አይደለም፤ በትእዛዝ የጀመረው ነገር በብዙ መንደር በፈቃድ ቀጥሎ፣ የወሎው ልጅ ኦሮምኛ ተናግሮ፣ የኢሉው ልጅ የወሎን መንዙማ ሰምቶ፣ ተጋብተውና ተዋልደው አንድ መቃብር ለመጋራት በቅተዋልና። በ1983 ዓ.ም. መንግሥቱ ሲለወጥ ከሰፋሪዎቹ ብዙዎቹ ወደ ትውልድ ሀገራቸው ተመለሱ፤ የቀሩት ግን ቀሩ።

እንግዲህ አሳባችሁን ወደ አንድ ቀላል ስሌት አምጡልኝ። ለሰፈራ ይፈለግ የነበረው መሥራት የሚችል ጎልማሳ ነበር፤ በ1977 ዓ.ም. የ25 ዓመት ጎልማሳ የነበረው ሰው ዛሬ ከ65 ዓመት አልፏል። በአንድ ተራ መንደር የሚኖሩ ሰዎች በየጊዜው ተወልደው በየጊዜው ያረጃሉ፤ አንዱ ሲደክም ሌላው በርትቶ ይገኛል። በአንድ ወቅት፣ በአንድ የዕድሜ ክልል፣ በአንድ መኪና ተጭነው የመጡ ሰዎች ግን በአንድ ወቅት ያረጃሉ። ከዚህም ጋር ሌላ ነገር አለ፤ እነዚህ ሰዎች አሮጊት እናቶቻቸውንና ሽማግሌ አባቶቻቸውን ወሎና ትግራይ ላይ ትተው ስለ መጡ፣ እዚህ የወለዷቸው ልጆች አያት በቤታቸው ውስጥ ሲጦር፣ ምግብ ሲጎረስ፣ እግር ሲታጠብ፣ ከአልጋ ሲነሣና ሲተኛ ሳያዩ አደጉ። አረጋዊን መጦር በስብከት ብቻ የሚተላለፍ ትምህርት አይደለም፤ ልጅ እናቱ ለአያቱ ስታደርግ አይቶ የሚማረው ነውና፣ ያ ሰንሰለት በብዙ ቤት አንድ ቀለበት ጎድሎበታል።

ሰፈራውም በዚያ አላበቃም። በ1995 እና በ1996 ዓ.ም. ከምሥራቅና ከምዕራብ ሐረርጌ መሬት የጠበባቸው በሺህ የሚቆጠሩ አባወራዎች መጥተው፣ ዛሬ በቡኖ በደሌ ዞን ሥር በምትገኘው በጨዋቃ ሰፍረዋል፤ እነርሱም ያኔ ጎልማሶች ነበሩና ከሃያ ዓመት በኋላ እኛ ዛሬ የምንጠይቀውን ጥያቄ ይጠይቃሉ። ስለዚህ እዚህ የምንሠራው ሥራ ቢኖር ለጨዋቃም የሚተርፍ ነው።

አሁን ስለሚሄዱት እንናገር። በ1987 ዓ.ም. በተደረገው ቆጠራ በዛሬው አከፋፈል ኢሉ አባ ቦራና ቡኖ በደሌ የሚባሉትን የያዘው ዞን 847 ሺህ ያህል ሰው ነበረበት፤ በ1999 ዓ.ም. ግን ወደ 1 ሚሊዮን 270 ሺህ ደርሶ ተገኘ፤ ይኸውም 13 ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ በግማሽ ማደጉ ነው። ከዚህ ሁሉ ሰው በከተማ የሚኖረው ከመቶ ዐሥር እንኳ አይሞላም ነበር፤ መቱም ራሷ ከ28 ሺህ ጥቂት የሚበልጥ ሰው ነበራት። ከዚያ ወዲህ ሀገር አቀፍ ቆጠራ ባይደረግም፣ ከተማዋ በዓይናችን ፊት ሰፍታለች፤ በ2004 ዓ.ም. ሥራውን የጀመረው ዩኒቨርሲቲያችንም ከኢትዮጵያ ማዕዘናት ሁሉ ወጣቶችን ያመጣል። ነገር ግን የሚመጣው ተማሪ ተመርቆ ይሄዳል፤ የእኛም ልጅ በሌላ ከተማ ተመርቆ በዚያው ይቀራል። አባት አምስት ልጆች ወልዶ ሁሉን ካስተማረ፣ አንዱ አዲስ አበባ፣ አንዱ ጅማ፣ አንዷ ዓረብ ሀገር ስትሆን፣ ቡናው ሥር የሚቀረው ብዙ ጊዜ ትምህርት ያልቀናው ወይም ለወላጆቹ አዝኖ የቀረው ነው። የአንድ አባት የቡና ይዞታ ለአምስት ቢካፈል ለማንም አይበቃምና፣ የሚሄደውን ልጅ አልወቅሰውም፤ ያስተማርነው እንዲሄድ ነው።

በእርጅናና በቡና መካከል ያለውን ግንኙነት በዚህ ላይ ጥቂት ዘርዘር ላድርገው፤ የከተማ ሰው አያስተውለውምና። የቡና ተክል ሲያረጅ ምርቱ ይቀንሳል፤ መድኃኒቱ ጉንደላ ነው፤ ግንዱ ከመሬት በላይ ጥቂት ተትቶ ይቆረጥና ከሥሩ አዲስ ቀንበጥ ያወጣል፤ ነገር ግን ቀንበጡ አድጎ ፍሬ እስኪሰጥ ሁለት ወይም ሦስት ዓመት ያለ ምርት ይታለፋል። የ35 ዓመት ገበሬ ይህን ያደርገዋል፤ የሚጠብቀው ዘመን አለውና። የ70 ዓመት ሽማግሌ ግን፣ ያውም ልጆቹ ርቀው፣ ጡረታ የማያውቅ፣ ገቢው ያቺው የኅዳርና የታኅሣሥ ለቀማ ብቻ የሆነ ሰው፣ ሁለት ዓመት ጾሙን እንዲያድር ቢመከር እንዴት እሺ ይላል? ስለዚህ ያረጀው ቡና ባረጀው እጅ ይቀራል፤ ለቀማ ሲደርስም ቡናውን የእኩል ለሚለቅም ሰው ይሰጣል፤ ገቢው በዚያው ይከፈላል። በያዩና በአካባቢው ያለው፣ በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተመዘገበው የዱር ቡና ደን የዓለም ሀብት ነው ብለን በምንመካበት ሀገር፣ ያን ቡና ሲጠብቁ የኖሩት እጆች ሲዝሉ ማን እንደሚተካቸው አለመጠየቅ ለደኑም ለሰውም አይበጅም።

የሕዝባችን ዕድሜ እንዴት እንደ ተለወጠም እንመልከት። በሀገራችን በ1992 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት፣ ከሚወለዱ 1,000 ሕፃናት አምስት ዓመት ሳይሞላቸው የሚሞቱት 166 ነበሩ፤ በ2008 ዓ.ም. ግን 67 ሆነው ተገኙ። ከዐሥራ ስድስት ዓመት በኋላ ከ1,000 ሕፃናት መቶ ያህሉ ተርፈዋል ማለት ነው፤ ይህን ቁጥር ስናገር ከምስጋና በቀር የምጨምረው የለኝም፤ ለዚህም በየጤና ኬላው ከቤት ወደ ቤት በእግር የተመላለሱት የጤና ኤክስቴንሽን እኅቶቻችን ዋነኛዎቹ ባለውለታዎች ናቸው። በእነዚያው ዓመታት አንዲት ሴት በዕድሜዋ የምትወልደው በአማካይ ከ5.5 ወደ 4.6 ወረደ፤ በኦሮሚያ 5.4 ሲሆን በአዲስ አበባ 1.8 ብቻ ነበር። ስለዚህ ከመቱ ወደ አዲስ አበባ የሄደችው ልጃችን የለወጠችው ሀገር ብቻ አይደለም፤ እናቷ ስድስት በወለደችበት ዕድሜ እርሷ አንድ ወልዳ፣ ያንንም በቤት ኪራይና በትምህርት ቤት ክፍያ እየተጨነቀች ታሳድጋለች፤ እናቷን አምጥታ እንዳትጦር ክፍሏ አንድ ነው፣ ሄዳ እንዳትጦር ሥራዋ አይለቃትም።

ሀገራችን ወጣት ናት፤ ከ60 ዓመት በላይ የሆኑት ከመቶ አምስት ያህል ናቸው። ብዙ ሰዎች ይህን ሰምተው ስለ አረጋውያን መጨነቅ የአውሮፓና የጃፓን ጉዳይ ነው ይላሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። ከመቶ አምስት የሚለው ቁጥር በመቶ ሚሊዮን በሚበልጥ ሕዝብ ላይ ሲሰላ ከአምስት ሚሊዮን የሚበልጥ አረጋዊ ነው፤ በ1999ኙ ቆጠራ ልክ ለኢሉባቦር ብቻ ብናሰላው ከ60 ሺህ ይበልጣል፤ ያን ጊዜ መቱ ከነበራት ሕዝብ እጥፍ መሆኑን ልብ በሉ። ፈረንሳይ ከ65 ዓመት በላይ የሆኑት ሕዝቦቿ ከመቶ ሰባት ተነሥተው ዐሥራ አራት እስኪደርሱ 115 ዓመት ያህል ፈጅቶባታል፤ ጃፓን በ25 ዓመት ገደማ ደረሰችበት፤ ሁለቱም ግን ሲያረጁ ባለጸጎች ነበሩ፤ ጡረታ፣ ሆስፒታልና የመንከባከቢያ ቤት አቁመው እርጅናን ጠበቁት። እንደ ፈረንሳይና ጣልያን ያሉ ሀገሮችም የጎደለባቸውን የጎልማሳ ጉልበት ከሌላ ሀገር በመጣ ሰው ይሞላሉ፤ ከእኛም ልጆች ብዙዎች የሰው ሀገር ሽማግሌ ሲያነሡና ሲያስተኙ ይውላሉ። ልጁ ከባሕር ማዶ የሌላ ሰው አባት እየጦረ፣ የገዛ አባቱን ጡርልኝ ብሎ በቴሌብር ለጎረቤት ገንዘብ የሚልክበት ዘመን ላይ ነን፤ ሽማግሌውም በስልኩ የመጣውን መልእክት ለማንበብ የጎረቤት ተማሪ ይጠራል።

አሁን ወደ ጤናው። ኢሉባቦር ዝናብ የማይለያት፣ ምድሯ ቀይ፣ ወንዞቿ ፈጣን የሆኑ ሀገር ናትና፣ ይህ ሁሉ በረከቷ ሲሆን ለደዌም በር ይከፍታል። በቀዩ አፈር ላይ በባዶ እግር በመሄድ ዘመኑን የጨረሰ ገበሬ፣ ከአፈሩ ጋር የተቀላቀሉ ረቂቅ የድንጋይ ቅንጣቶች በእግሩ ቆዳ እየገቡ ቀስ በቀስ እግሩን የሚያሳብጡት ዝሆኔ የሚባለው ሕመም ሊይዘው ይችላል፤ ይህ ደዌ እርግማን አይደለም፣ አይተላለፍም፣ ጫማና ውሃና ሳሙና ይከለክሉታል። በፈጣኖቹ ወንዞቻችን ዳር የሚራቡት ጥቃቅን ጥቁር ዝንቦች ደግሞ ቆዳን የሚያሳክክ፣ ሲቆይም ዓይንን የሚያጠፋ ሕመም ያስተላልፋሉ፤ በየጊዜው የሚታደለው ኢቨርሜክቲን የሚባለው መድኃኒት ብዙዎችን ታድጓል። ሁለቱም ደዌዎች በልጅነትና በጎልማሳነት ገብተው በእርጅና የሚከፉ ናቸው፤ የአረጋዊው ሕመም የሚጀምረው አረጋዊ ከመሆኑ ከሠላሳ ዓመት በፊት ነው። ወባም እንደ ቀድሞው አይመለስም ስንል ተመልሳለች፤ እ.ኤ.አ. በ2024 ከጥር እስከ ጥቅምት 20 ባለው ጊዜ በመላ ሀገሪቱ ከ7 ሚሊዮን 300 ሺህ በላይ የወባ ሕሙማን ተመዝግበዋል፤ ከእነዚህም ምዕራብ ኦሮሚያ ከፍ ያለውን ድርሻ ወስዳለች።

በ1977 ዓ.ም. ያ ሁሉ ስደተኛ በመጣ ጊዜ፣ ኦስትሪያዊው የፊልም ተዋናይ ካርልሃይንዝ በም ያቋቋሙት ሰዎች ለሰዎች የተባለው ድርጅት ወደ ኢሉባቦር መጥቶ መንገድና ድልድይ፣ ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ ሠርቷል፤ የመቱ ካርል ሆስፒታል ስሙን ከእርሳቸው አግኝቷል። ይህ ሆስፒታል ዛሬ ለኢሉ አባ ቦራ ብቻ ሳይሆን ለአጎራባች አካባቢዎችም ሕዝብ መታከሚያ ነው። ነገር ግን ከዲዱ ወይም ከአልጌ ወረዳ ጫፍ ያለች አሮጊት እዚህ ድረስ እንዴት ትምጣ? የሚያመጣት ልጅ የለም፤ ብትመጣም የሚያስታምማት የለም። የዓይን ሞራ በአንድ ቀን ቀዶ ሕክምና የሚወገድ ሆኖ ሳለ፣ ብዙ አረጋዊ በዓይን ሞራ ታውሮ የሚቀመጠው ሐኪም ስለሌለ ብቻ አይደለም፤ እጁን ይዞ የሚያመጣው ሰው ስለሌለ ነው። ደም ግፊትና ስኳርም እንዲሁ፤ በየወሩ መለካትና በየቀኑ ኪኒን መዋጥ የሚጠይቁ ሕመሞች ናቸውና፣ አንድ ጊዜ ታክሞ በሚድን ወባ ላይ የተሠራው የጤና ልማዳችን አይደርስባቸውም።

አንድ ነገር ልጠቁም፤ የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ሲጀመር ዐሥራ ስድስት የሥራ ጥቅሎች ነበሩት፤ የመጸዳጃ ቤት ነገር፣ የክትባት፣ የእናቶች፣ የወባ፣ የሳንባ ነቀርሳ፣ የኤችአይቪ፤ ስለ አረጋውያን የተለየ ጥቅል ግን አልነበረም። ይህን የምናገረው ለመውቀስ አይደለም፤ ያን ጊዜ ሕፃናት ይሞቱ ነበርና ቀዳሚው ሥራ እርሱ መሆን ነበረበት። አሁን ግን የተረፈው ልጅ አድጓል፣ እናቱም አርጅታለች። የጤና መድንም አለ፤ ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ በሙከራ ተጀምሮ ተስፋፍቷል፤ ለመክፈል ለማይችለው የድሃ ድሃም መንግሥት ይከፍልለታል። ነገር ግን የመድን ካርድ ለማውጣት ቀበሌ መሄድ፣ ፎቶ መነሣት፣ በየዓመቱ ማደስ ያስፈልጋልና፣ እጅግ የሚያስፈልጋቸው ሰዎች መጀመሪያ የሚረሱት በዚህ ነው።

ሕጋችንስ ምን ይላል ብትሉ፣ የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 ንኡስ አንቀጽ 5 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን እንዲረዳ ያዛል፤ ከ1998 እስከ 2007 ዓ.ም. የሚሆን ብሔራዊ የአረጋውያን የድርጊት መርሐ ግብርም ወጥቶ ነበር፤ የግል ድርጅት ሠራተኛውም በአዋጅ ቁጥር 715/2003 ጡረታ አግኝቷል። እነዚህ ሁሉ በጎ ናቸው፤ ዳሩ ግን ጡረታ ደመወዝ ለነበረው ሰው ነው። በደመወዝ ሳይሆን በቡናና በበቆሎ ዘመኑን ያሳለፈ ገበሬ፣ ጠላ ጠምቃ ልጆች ያስተማረች እናት፣ ሸክም ተሸክሞ መቱን የሠራ ወዛደር ከዚህ ውጭ ናቸው፤ በኢሉባቦር ደግሞ ብዙው ሕዝብ እነዚሁ ናቸው። ለእነርሱ ጡረታቸው ልጃቸው ነበር፤ ልጁ ሄዷል።

በዚህ ጊዜ ወደ ዕድር እመጣለሁ፤ የዛሬው ዲስኩሬ ዋና ምክንያትም ይኸው ነው። ስለ ዕድር የመረመሩ ሊቃውንት እንደሚነግሩን፣ ይህ ማኅበር ከጥንት ከገጠር የወረደ ብቻ አይደለም፤ በሃያኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ፣ በተለይም በጣልያን ወረራ ዘመን፣ ዘመድ አልባ ሆነው ወደ አዲስ አበባ በመጡ ሰዎች፣ ከእነርሱም ይልቁን በጉራጌዎች መካከል የተስፋፋ ነው። ከወገኑ ተለይቶ የመጣ ሰው የሚፈራው ቀባሪ ማጣትን ነበርና፣ ዘመድ ያልሆኑ ሰዎች እንደ ዘመድ ሊቀባበሩ ተማማሉ። እንግዲህ ዕድር ራሱ ከፍልሰት የተወለደ፣ የመጻተኛ ፍርሃት ያስገኘው መልስ ነው። እዚህ ኢሉባቦርም፣ የወሎው ሰፋሪ፣ የጉራጌው ነጋዴና የኢሉው ባላገር በአንድ ዕድር ሲጻፉ፣ የጨዋቃ ሐረርጌዎችም እንደ ዕድር ያለውን አፎሻቸውን ይዘው ሲመጡ፣ ያ ፍርሃት መልስ አግኝቷል፤ ዛሬ በመቱ ሞቶ የማይቀበር ሰው የለም። ድንኳኑ ይተከላል፣ ንፍሮው ይቀቀላል፣ ሳንቃው ይገዛል፣ ከሥራ ቀርተን እንቀብራለን።

ነገር ግን ያ ሰው ከመሞቱ በፊት ስድስት ወር ብቻውን ተኝቶ እንደ ነበር ብዙ ጊዜ የምንሰማው በለቅሶው ድንኳን ውስጥ ነው። ለቀብሩ ያወጣነው ገንዘብ እኩሌታው በሕይወቱ ሳለ ቢደርሰው ኖሮ መድኃኒቱን ይገዛ ነበር። ይህን የምናገረው ልባችሁን ለማሳዘን አይደለም፤ ዕድሩ ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ሁሉ ያለው መሆኑን ለማስታወስ ነው። መዝገብ አለው፣ ወርኃዊ መዋጮ አለው፣ ዳኛና ጸሐፊ አለው፣ የታመመ የሚጠይቅ አባል አለው፣ ሰውም ያምነዋል፤ የትኛውም መሥሪያ ቤት እነዚህን ሁሉ አንድ ላይ የለውም። ወላጅን ማክበር ከዐሠርቱ ቃላት አንዱ እንደ ሆነ በቤተ ክርስቲያን እንሰማለን፤ በመስጊድም የወላጅ ሐቅ ከፍ ያለ እንደ ሆነ ይሰበካል፤ ልጁ በሩቅ ሳለ ይህ ትእዛዝ በጎረቤት በኩል ይፈጸም እንደ ሆነ እንጂ በሌላ አይፈጸምም።

ስለዚህ የምጠይቀው ከዚህ የራቀ አይደለም። በእያንዳንዱ ዕድር ያለው ጸሐፊ በአባላት መዝገብ ጎን አንድ ገጽ ጨምሮ፣ ልጆቻቸው የሄዱባቸውን፣ ብቻቸውን የሚኖሩትን ወይም ሽማግሌ ባልና አሮጊት ሚስት ሆነው የቀሩትን ስም ይጻፍ፤ የልጆቹንም ስልክ ከስማቸው አጠገብ ያኑር። በወርኃዊ መዋጮው ላይ የሚጨመር ጥቂት ብር ለሳንቃና ለንፍሮ ሳይሆን ለሕያው መድኃኒትና መመላለሻ ይለይ፤ በሩቅ ያሉት ልጆችም፣ እስከ ዛሬ ለአንድ ጎረቤት ሲልኩ የነበረውን ገንዘብ ወደ ዕድሩ ይላኩ፤ የሚጎበኛቸው በተራ ይመደብና ይጠየቅበት። የጤና መድን ካርዳቸውን ለማሳደስ ዕድሩ ወኪል ሆኖ ቀበሌ ይሂድ። የዩኒቨርሲቲው የጤና ተማሪዎች፣ ለዓመታት የዚህን ከተማ ውኃ ጠጥታችሁ የምትሄዱ ልጆች፣ በትምህርታችሁ ጊዜ ከእነዚህ ቤቶች አንዱን ለራሳችሁ ውሰዱ፤ አንድ አረጋዊ እስከ ሆስፒታሉ በር እጁን ይዞ መውሰድ ከተማራችሁት በላይ ምን ያህል እንደሚያስተምራችሁ ታያላችሁ።

ይህ የመንግሥትን ድርሻ የሚያስቀር እንዳይመስላችሁ፤ ለሰፈራ ሕዝብን ያጓጓዘ መንግሥት ያ ሕዝብ ሲያረጅ ዕዳ አለበት፤ የገበሬን ጡረታ ነገርም አንድ ቀን ሊመልስ ግድ ነው፤ ይህን ጥያቄ በየአጋጣሚው ለወረዳውና ለዞኑ ማቅረብ የሁላችን ፈንታ ነው። ነገር ግን ያ መልስ እስኪመጣ የ1977ቱ ጎልማሶች አይጠብቁም። ስለዚህ ዛሬ ከዚህ አዳራሽ ሳንወጣ በጎ ፈቃድ ያላቸው የዕድር ዳኞች ስማቸውን ለጉባኤው ጸሐፊ ቢሰጡ፣ በመጪው ወር ስብሰባቸው ላይ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላም ይሁን ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ፣ የቀበሌያቸው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ የግፊት መለኪያዋን ይዛ እንድትገኝ፣ መዋጮውን ሊከፍል የሚመጣው ሽማግሌ ሁሉ እጁን ሰጥቶ እንዲለካ፣ ያልመጣውም ለምን እንዳልመጣ በዚያው ቀን ቤቱ ድረስ ተሄዶ እንዲጠየቅ ለማድረግ ከእኔ ጋር አሁኑኑ ሊነጋገሩ ይችላሉ።